አባቴ የተመረጠበት ቀን

በትምህርት ቤታችን ግቢ ኳስ ስንጫወት ቡድን የሚመርጡት ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዷ አንድ ስም ትጠራለች፣ ሌላዋ አንድ ትጠራለች፣ ግድግዳው ሥር የተደረደርነው እያነስን እንሄዳለን። በመጨረሻ ግድግዳው ለእኔ ብቻ ይቀራል። «ቨርናን እናንተ ውሰዷት።» «አንወስድም፣ ባለፈው እኛ ጋ ነበረች።» እንዲህ ይባባላሉ፤ እኔ እዚያው ቆሜ ካልሲዬን ወደ ላይ እጎትታለሁ። ስለዚህ በዚያ ዕድሜዬ በዓለም ላይ ከመመረጥ የበለጠ ክብር ያለ አይመስለኝም ነበር። የአባቴን ነገር በግልባጩ የተረዳሁትም በዚሁ የተነሣ ነው።

አባቴ ኤቨራርድ ሊበርድ የአውቶብስ ትኬት ቆራጭ ነበር። በካሪቢያን ባሕር ካለችው የኔቪስ ደሴት ወደዚህች ጭሳም የሰሜን እንግሊዝ ከተማ የመጣው እኔ ሳልወለድ ነው። ተሳፋሪው ሰላም አለው አላለው፣ እሱ ለሁሉም ፈገግ ይላል። እናቴ አዮኒ ደግሞ በዚህ አንጀቷ ያርር ነበር። «ጥርስህን ለገና አስቀምጥልን እንጂ፣ ኤቭ። እንዲህ በየአውቶብሱ ከበተንከው ምን ይተርፈናል?» ትለዋለች። እሱ ለእሷም ይስቅላታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዳንዴ ሳጅን ሆልሮይድ ይመጣል። ሌላው ፖሊስ በሩን በቡጢ ነው የሚመታው፤ ሳጅን ሆልሮይድ ግን በጣቱ ጫፍ ያንኳኳል፣ ቆቡን ያወልቃል፣ ጫማውን ይጠርጋል። እናቴ የኮኮነት ኬክ ትቆርስለታለች። እሱም ሻዩን ሁለቴ ፉት ብሎ፣ «እንግዲህ ኤቨራርድ፣ ዛሬም ሰው ጎደለኝ» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ተጠርጥሮ ሲያዝ ለምስክር ብቻውን አይቀርብም፤ እሱን ከሚመስሉ ሌሎች ሰዎች ጋር ይሰለፋል። ምስክሩ በሰልፉ ፊት እያየ ያልፋል፣ ጥፋተኛውን ለየሁት ካለ ትከሻውን ይነካል። የተያዘው ነጭ ከሆነ ችግር የለም፣ አብሮት የሚቆም ከመንገድ ይለቀማል። ጥቁር ሲሆን ግን ሳጅኑ መኪናውን አስነሥቶ ወደኛ ሠፈር ይመጣል። አባቴ አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብሎት አያውቅም።

«ሳጅኑ የሚወድህ መስሎህ ነው?» ይለዋል አጎት ሩፐርት። አጎት ሩፐርት በሥጋ አጎቴ አይደለም፤ ከአባቴ ጋር በአንድ መርከብ የመጣ፣ ብረት ማቅለጫ ውስጥ የሚሠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ዶሚኖ እየጠፈጠፈ የእናቴን ጠረጴዛ የሚሰብር ሰው ነው። «ንግሥቲቱ ራሷ ልትሸልምህ ነው! የእንግሊዝ አገር ዋና ተሰላፊ ብላ!»

«እኔ ለሳጅኑ ብዬ አይደለም የምሄደው» ይላል አባቴ። «የተያዘው ልጅ ማን እንደሆነ አላውቅም። ግን እኛ ካልቆምንለት ከነጮች መሃል ብቻውን ጥቁር ሆኖ ይቆማል። ያኔ ዕውርም ቢሆን ይመርጠዋል።»

ይህን ስሰማ፣ አባቴ የሚወዳደርበት ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው የሚያሸንፍበት ጨዋታ ያለ ይመስለኝ ነበር። ከጣቢያው ሲመለስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ድንች ጥብስ ይዞልኝ ይመጣል፤ ኮምጣጤው ገና ከበሩ ይሸታል። «ዛሬስ መረጡህ?» እለዋለሁ። «ዛሬም አልመረጡኝም፣ ተመስገን!» ብሎ ይስቃል። እኔ ግን አዝንለታለሁ። ሕመሙን ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል?

አንድ የጸደይ ቅዳሜ ሳጅኑ ሁለት ሰው እንደሚፈልግ ተናገረ። አባቴ ሩፐርትን እየጎተተ ወሰደው። ሲመለሱ አባቴ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ነበር።

«ሩፐርትን ብታይው፣ አዮኒ! የራሱ ቀብር ላይ የቆመ ነበር የሚመስለው።»

«አንተስ ምን ትሠራ ነበር?» አለ ሩፐርት። «አሮጊቷ ስትደርስ ጥርስህን ታሳያለህ! ሰው በወንጀለኛ ሰልፍ ላይ ይስቃል?»

«ፈርታ ነበር እኮ። እኔ ፊት ስትደርስ ቆም ብላ ቀና አለች። አይዞሽ ለማለት ያህል ፈገግ አልኩላት።»

አሮጊቷ ሚስስ ፓርኪን ናት። ከገበያው ጀርባ ሲጋራና ከረሜላ የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንድ ጥቁር ሰው ሱቋ ገብቶ ግንባሯን በጠርሙስ መትቶ ዘርፏታል። ደሙ ዓይኗ ውስጥ ስለገባ ያየችው ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። በዚያ ቀን ማንንም ሳትመርጥ ወጣች፣ የተያዘው ልጅም ተለቀቀ። አባቴና ሩፐርት ለልጁ ጤና ብለው የዝንጅብል ቢራ ጠጡ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አባቴ እራት ላይ፣ «ዛሬ ማን ተሳፈረ መሰላችሁ? ያቺ የሱቋ አሮጊት» አለን። «አፍጥጣ አየችኝ፣ አየችኝ፣ ከዚያ ከመውረጃዋ በፊት ወርዳ ሄደች። አወቀችኝ መሰለኝ።»

«ጥርስህን አሳየሃት?» አለች እናቴ።

«እንዴ፣ ተሳፋሪ አይደለችም?»

በዚያው ሳምንት ሳጅን ሆልሮይድ መጣ። አባቴ ከጧት ፈረቃ ገና መግባቱ ስለነበር የደንብ ልብሱን አላወለቀም፤ ከሩፐርት ጋር ዶሚኖ ይዘዋል። ሳጅኑ ቆቡን አወለቀ፣ ጫማውን ግን አልጠረገም። እናቴ ኬክ ልትቆርስ ስትነሣ፣ «ዛሬ ይቅርብኝ፣ ሚስስ ሊበርድ። ሾፌሬ መኪና ውስጥ እየጠበቀኝ ነው» አለ። በመስኮት ሳይ አንድ ወጣት ፖሊስ መሪውን ይዞ ተቀምጧል።

«ኤቨራርድ፣ አንድ ሰልፍ አለችኝ።»

«እኔንስ አትፈልጉኝም?» አለ ሩፐርት፣ ለማሾፍ ያህል።

«አይ፣ ዛሬ እሱ ይበቃኛል።»

ሩፐርት እጁ ላይ ያለውን ዶሚኖ ገልብጦ አስቀመጠ። «በአንድ ሰው ሰልፍ ይሞላል እንዴ? ኤቭ፣ ስማኝ፣ ዛሬ አትሂድ።»

«የተያዘው ልጅ ብቻውን ይቁም ነው የምትለው?»

«የትኛው ልጅ? ጠይቀው እስቲ፣ የትኛው ልጅ?»

አባቴ ግን ኮቱን ደርቦ ነበር። እኔ በሩፐርት ተናደድኩ፤ እሱን ስላልጠሩት ቀንቷል አልኩ። ቅናትን ደግሞ ከግድግዳው ሥር አውቀዋለሁ። ሮጬ በሩን ለአባቴ ከፈትኩለት፣ «ዛሬ ይመርጡሃል!» አልኩት። ጸጉሬን ዳሰስ አድርጎኝ ወጣ።

መኪናው ውስጥ ማንም ምንም አልነገረው። ከአውቶብሱ የወረደችው አሮጊት ስለጠቆመችው የሚጠረጠረው እሱ ራሱ እንደሆነ፣ ጠበቃ ልጥራ ለማለት መብት እንዳለው፣ አልሰለፍም ማለት እንደሚችል ሊነገረው ይገባ ነበር። ሳጅኑ ግን እስከ ጣቢያው ድረስ የሚያወራው ስለ አትክልት ቦታው ሽንኩርት ነበር። ይህን አባቴ ራሱ ያጫወተኝ አድጌ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ሚስስ ፓርኪን ወደሱ ስትመጣ ከጎኑ የቆመውን ሰው የፈለገች መስሎት፣ እንዲመቻት ገለል ሊልላት አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር። እጇ ትከሻው ላይ ሲያርፍ እንኳ ዞሮ ጎረቤቱን ነው ያየው።

በዚያ ቀን ድንች ጥብስ አልመጣም። የመጣው ሳጅኑ ብቻውን ነው። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ በእንጨቶቹ መሃል አያለሁ። ለእናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አዝናለሁ፣ ሚስስ ሊበርድ። እሱን መረጠችው» አላት።

«መረጡት!» ብዬ ከደረጃው ዘለልኩ። «አባዬን መረጡት! አባዬን መረጡት!»

እናቴ ዞራ አየችኝ። እንደዚያ ዓይነት ፊት አይቼባት አላውቅም ነበር። መጥታ ፊቴን ሆዷ ላይ ለጥፋ ያዘችኝ፤ እኔ ደስታው ከብዷት ነው አልኩ። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄጄ አፌን ሞልቼ አወራሁ። አንዷ ባለ ቢጫ ፀጉር ልጅ፣ «ለምንድነው የተመረጠው?» ብትለኝ መልሱን አላውቀውም ነበር፤ ግን በዚያ ቀን ከመጨረሻዋ በፊት ጠሩኝ።

ሳጅን ሆልሮይድ ከዚያ በኋላም ይመጣ ነበር። አባቴ ግን አልመጣም፤ በሩቅ ያለ እስር ቤት ችሎት እንዲጠብቅ ተደርጓል። ሳጅኑ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ፣ «እኔም አንጀቴ እያረረ ነው» ይላል። እኔ ከጎኑ ቆሜ የልብሱን ቁልፎች እነካካለሁ፤ እሱ ከረሜላ ያቀብለኛል። ከቤታችን ሰው ሁሉ ሲቀር እሱ ብቻ ነበር የማይቀረው።

«ሳጅን» አለችው እናቴ አንድ ቀን፣ «ሴትዮዋ እኮ ባሌን በጸደዩ ሰልፍ ላይ አይታዋለች። ያወቀችው ከዚያ ነው። እርስዎ ራስዎ አይደሉም ወይ የወሰዱት?»

«ስንት ሰልፍ፣ ስንት ሰው፣ ሚስስ ሊበርድ። የቆመውን ሁሉ በየትኛው ጭንቅላቴ ልያዘው?»

«ሩፐርት አብሮት ቆሞ ነበር። ሩፐርትን ይጠይቁት።»

«ዛሬውኑ እጠይቀዋለሁ» አለና ተነሣ።

ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ የሐዘንተኛ ፊት ነበር። ወንበር ስባ ብትሰጠው አልተቀመጠም። «ጠየቅኩት» አላት። «በዚያ ቀን አልነበርኩም ነው የሚለው። ምናልባት ፈርቶ ይሆናል። ሰው መቼም... አይፍረዱበት።»

እናቴ ፈረደችበት። ሩፐርት መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ ከውስጥ ቆለፈችው። «አዮኒ! ክፈችልኝ እንጂ! የምነግርሽ ነገር አለኝ!» ይላል። በበሩ ላይ ባለችው የፖስታ ማስገቢያ ቀዳዳ ጣቶቹ ሲገቡ አየሁ። እናቴ ራዲዮኑን እስከ መጨረሻ ድምፅ ከፍታ ድንች መላጥ ያዘች። እንባዋ ልጣጩ ላይ እየተንጠባጠበ፣ «ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ እሱ ነው» አለች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ሩፐርት ደጋግሞ መጣ። ከዚያ እሱም ሆድ ባሰውና ቀረ።

ይህን ለአባቴ እስር ቤት ሄዳ ነገረችው። ምን አለሽ ብላት፣ «አልነበርኩም ካለም ተዉት» ማለቱን ነገረችኝ። የዚያን ሰው ስም ዳግመኛ አላነሣም።

ችሎቱ የተከፈተው በረዶ በሚጥልበት ወር ነው። ልጅ ወደ ውስጥ ስለማይገባ እናቴ ኮሪደሩ ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር አስቀምጣኝ ትገባለች። ፊት ለፊቴ ባለው አግዳሚ ላይ፣ ቡናማ ሱፍ ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የተቀመጠው ሩፐርት ነበር። እናቴ ገና ስታየው ክው አለች።

«ምን ሊያደርግ መጣ? ለእነሱ ሊመሰክር ነው!» ብላ ወደኔ ጎንበስ አለች። «እንዳታናግሪው። ፊቱንም እንዳታይ።»

እኔም የታዘዝኩትን አደረግኩ። እሱ አንዴ ብርቱካን ልጦ ግማሹን ዘረጋልኝ፤ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ። ግማሹን በመሃረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው፣ የራሱንም አልበላም። የችሎቱ በር በተከፈተ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ ይላል፣ ሲዘጋ ይቀመጣል። ሰላይ ነው አልኩ፣ ሊያዳምጥ ነው። ሳጅን ሆልሮይድ ግን ሲያልፍ አገጬን ይነካል፣ የናና ከረሜላ እጄ ላይ ያስቀምጣል። ሩፐርት በዚያን ጊዜ ጫማውን ነበር የሚያየው።

በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ቁርጥራጭ ነገር ይደርሰኛል። የሚስስ ፓርኪን ድምፅ፣ ቀጭንና ጥርት ያለ፦ «ያንን ፊት መቼም አልረሳውም። እንቅልፌ ውስጥ ይመጣል። ፈገግ ብሎ ነው የሚመጣው።» አልዋሸችም። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አሮጊቷ አባቴን አይታዋለች፤ ያየችው ግን በሱቋ ሳይሆን በሰልፉ ላይ፣ አይዞሽ ሲላት ነበር። ከዚያ የሳጅኑ ድምፅ፣ ሁልጊዜ ወጥ ቤታችን ውስጥ የምሰማው ረጋ ያለ ድምፅ፦ «ሚስተር ሊበርድን ለዓመታት አውቀዋለሁ። ጥሩ ሰው ነው። ስጠራው ወዲያው መጣ፣ ጠበቃም አልጠየቀም።» ደስ አለኝ፤ እያመሰገነልኝ ነው አልኩ። ያ ምስጋና ለካ ሰልፉ በወጉ የተካሄደ መሆኑን ማስረጃ ነበር። «ከዚያ ቀን በፊት ምስክሯ ተከሳሹን አይታው ታውቃለች?» ሲባል ደግሞ፣ «እኔ እስከማውቀው፣ በጭራሽ» አለ። በሩ ተዘጋ።

አባቴ ከእስር ከወጣ በኋላ በአውቶብስ ሲሄድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነበር የሚቀመጠው። ለማያውቀው ሰው ፈገግ ሲል አላየሁትም። ሕፃን እንኳ ሲስቅለት ዓይኑን ወደ መሬት ይሰድዳል።

ፍርዱ የተሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው። የሚፈርዱት ከሕዝብ መሃል የተመረጡ ሰዎች ናቸው፤ ጥፋተኛ አሉት፣ ዳኛው አራት ዓመት ፈረደበት። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው ሁለቱም በሮች ወለል ብለው መከፈታቸውንና ሰዉ ካፖርቱን እየለበሰ መውጣቱን ነው። እናቴ ከሁሉ ኋላ ወጣች። አላለቀሰችም። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ታቅፋ፣ የት እንደምትሄድ የጠፋት ትመስላለች።

ሩፐርት ብድግ አለ። የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጥቁር ካባ ወደለበሰችው የችሎቱ ስም ጠሪ ሄዶ፣ «እመቤት፣ አሁን ልግባ?» አላት።

«የት?»

«ልመሰክር ነዋ። ሩፐርት ሃንሊ እባላለሁ። ለኤቨራርድ ሊበርድ ነው የምመሰክረው። የጠበቃው ቢሮ ድረስ ሄጄ ነግሬዋለሁ፤ እስክትጠራ ጠብቅ ስላለኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚሁ ነኝ።»

ሴትዮዋ ወደ ኋላ ዞር አለች። የአባቴ ጠበቃ ለችሎት የሚያደርገውን ሰው ሠራሽ ፀጉር ብብቱ ሥር አድርጎ እየወጣ ነበር። ሩፐርትን ሲያይ ቆም አለ። «አዎ፣ አዎ... ሚስተር ሃንሊ። በወጣትነትዎ በጠብ ታስረው ያውቃሉ፣ አይደል? እንዲህ ያለ ሰው ባቀርብ ፈራጆቹ ይስቁብን ነበር። ለማንኛውም ብዬ ነው ይጠብቁ ያልኩዎት። አሁንማ አልቋል፤ ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

«አልቋል?» አለ ሩፐርት። «ምኑ ነው ያለቀው? በጸደዩ ሰልፍ እኮ ከጎኑ ነበርኩ! ሴትዮዋ ስታየው፣ እሱ ሲስቅላት፣ ሁሉንም አይቻለሁ!»

እናቴ ባለችበት ደርቃ ቀረች። «ሩፐርት» አለች። «አንተ... አልነበርኩም ብለህ የለ እንዴ? ሳጅኑ ጠየቅኩት ብሎኝ...»

«ማን ጠየቀኝ? ያን ቀን ኤቭን ከቤትሽ ከወሰደው ወዲህ ሳጅኑ አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም! ለኤቭ እመሰክራለሁ ልልሽ አይደል ወይ በርሽ ላይ የከረምኩት?»

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቦርሳዋ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከዚያ የወጣው ድምፅ ልቅሶ አይደለም፣ ምን እንደሆነ እስከዛሬ ስም አላገኘሁለትም። ሩፐርት ሊይዛት እጁን ዘርግቶ፣ ይያዛት ይተዋት ግራ ገብቶት ቆመ።

እኔ ግን ገባኝ አልኩ። ስሕተት ተፈጥሯል፣ ያውም ትንሽ ስሕተት። ሳጅኑ ሌላ ሩፐርት ጠይቆ ይሆናል፣ ወይም ረስቶ ይሆናል፤ ብቻ ከነገርኩት ሁሉ ነገር ይስተካከላል፣ እሱ የሚለውን ሁሉም ይሰማዋል። ጓደኛችን ነው። ሰዉን በክርኔ እየገፋሁ ወደ ትልቁ ደረጃ ሮጥኩ። ሳጅን ሆልሮይድ እየወረደ ነበር።

«ሳጅን! ሳጅን!» አልኩት ከላይ ሆኜ። «አጎት ሩፐርት ነበርኩ ይላል! በጸደዩ ሰልፍ ከአባዬ ጋር ቆሞ ነበር! ሴትዮዋ ያኔ ነው ያየችው! ተመልሰው ይንገሯቸው!»

ቆመ። ዞሮ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ አልተቆጣም፣ አልደነገጠም፤ ወጥ ቤታችን ውስጥ ሻይ ሲጠጣ የማየው ያው ደግ ፊት ነበር።

«አውቃለሁ፣ የኔ ማር» አለኝና መውረዱን ቀጠለ።

ካወቀማ ይመለሳል ብዬ እዚያው ደረጃ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።